የአስር ሰዓቱ ጥሪ

“ቆይ፣ እሷ ምን ሥራ አላት?” የሚለው የወንድሟ ሚስት ድምፅ ከሳሎን ተነስቶ በኮሪደሩ አድርጎ፣ ትንሿ የሚሏት ሴት ብርጭቆ የምታጥብበት ኩሽና ድረስ መጣ። ክፋት አልነበረበትም። ይበልጥ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ ‘ዛሬ ደመናማ ነው’ በምትልበት ድምፅ ነበር ያለችው። ትንሿ ውሃውን ዘጋችና ጆሮዋን ቀሰረች። አርባ አንድ ዓመት ሞልቷታል፣ ሁለት ጥርስ አስነቅላለች፣ እናቷን ቀብራለች፣ በዚህ ቤት ግን ዛሬም ትንሿ ናት፤ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ መወለድ ዕድሜ የማይፈውሰው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ታላቅ ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንደምን አደርክ አይልም። “ሬዲዮው ከተሠራ ትሂድ ብያለሁ እኮ” አለ። “ካልተሠራ ግን ሰውዬውን ለማን ጥላ ነው የምትሄደው? እኔ ቢሮ ነኝ፣ አንቺ ልጆች አሉሽ።” ሰውዬው የሚሉት አባቷን ነው። ሰውዬውን ከሳሎኑ የሚለየው ደግሞ አንድ ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነበር፤ እሷ ኩሽና ሆና ከሰማች እሱ አልሰማም ማለት ዘበት ነው።

የሥራው ወሬ የመጣው ከአስር ቀን በፊት ነው። የድሮ አለቃዋ፣ የስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ባለ የልብስ ፋብሪካ ትልቅ ሰው ሆና፣ “የጨርቅ ቅድ ክፍሉን ያዥልኝ” ብላ ጻፈችላት። ትንሿ የሥራ መቀስ ካስቀመጠች አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ካረፈችና አባቷ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ማለት ነው። ያኔ የተባለው “ለጊዜው” ነበር። አለቃዋ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስም ታስተላልፋለች፤ መልስ ካልደረሳት ሌላ ሴት ተዘጋጅታለች። ወንድሟ ወሬውን በሰማበት በዚያው ማታ መላ አመጣ፤ ጠዋት ጠዋት አብስላና አጽድታ የምትሄድ ሠራተኛ ትቀጠራለች፣ የቀረውን ቀን አባታቸውን ሬዲዮው ይጠብቀዋል።

ይህ ቀልድ አይደለም። አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ የአየር ማረፊያ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣም ከሬዲዮ አልወጣም። እንደ እሱ የሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው፣ ለደስታቸው የሚነጋገሩ አስራ አንድ አማተሮች አሉ፤ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት አስር ሰዓት ላይ በእጅ ሬዲዮ ይጠራራሉ። ጠሪው እሱ ነው። ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ካለ፣ ቤቱ የሚቀርበው ሰው ሄዶ በር ያንኳኳል፤ ጠሪው ራሱ ድምፁ ከጠፋም እንዲሁ። የዛሬ አምስት ዓመት አባቷን ጉንፋን ጥሎት ሳይጠራቸው ሲቀር፣ የራስ ቁር ያጠለቀ ረጅም ሰውዬ በሞተር ሳይክል መጥቶ በሩን ሊሰብር ደርሶ ነበር። ስልክ አባቷ አይወድም፤ መሳቢያ ውስጥ ጥሎት ይረሳዋል። ሬዲዮው ግን ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ስለዚህ ሬዲዮው ከሠራ ትንሿ ትሄዳለች፣ ካልሠራ አትሄድም። ሬዲዮው ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ ቻርጅ አላደርግም ብሏል።

ያልሞከረችው ነገር የለም። መጀመሪያ ሶኬቱን ጠረጠረች፤ ካውያ ሰካችበት፣ ካውያው ጋለ። ቀጥሎ አዳፕተሩን ጠረጠረች። ወንድሟ ከቢሮ ያመጣው ሌላ አዳፕተር ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ቢልም ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት የተለየ ነበርና አባቷ ከእጇ መነጨቃት። “ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም! ልታቃጥዪው ነው እንዴ?” አላት። ሬዲዮውን አጥፍታ ሞከረች፣ ባትሪውን ፈትታ ለብቻው አስቀምጣ ሞከረች። የቻርጀሩ መቀመጫ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ባትሪው ሲጎድል ቀይ፣ ሲሞላ አረንጓዴ መሆን ነበረባት፤ እሷ ግን ባትሪው ገና ከመቀመጡ አረንጓዴ ሆና፣ ሆዱ ባዶ የሆነውን ጠግቧል ብላ ትመሰክራለች። ትናንት ደግሞ በጥጥና በአልኮል የባትሪውን ጀርባ፣ ሁለቱን የብረት ነጥቦች፣ እስኪያብረቀርቁ ወለወለች። አብረቀረቁ፤ መብራቷ ከአረንጓዴ ንቅንቅ አላለችም።

ወንድሟ ከሚስቱ ጋር ሲወጣ በሩ ላይ “እንግዲህ አስር ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ” አላት፣ የቀጠሮ ወረቀት እንደሚሰጥ ሰው። በሩን ከኋላቸው ዘጋችው። ለእሱ መልስ ያልሰጠችባቸው ቀኖች ቢደመሩ አንድ ዓመት ይወጣቸዋል። አባቷ ክፍል ስትገባ በመስኮቱ ትይዩ ያለውን የጎረቤት ሕንጻ ግድግዳ እያየ ተቀምጦ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ የታጠፈ ጋዜጣ፣ ማጉያ መነጽር፣ ጥፍር መቁረጫ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ብሎን መፍቻ፣ ሁሉም በየቦታው በመስመር ተደርድሯል። ሬዲዮውንና ቻርጀሩን በከረጢት ስትጨምር አየት አደረጋት።

“ተይው ትንሿ። ባትሪው አርጅቷል። ስምንት ዓመት አገለገለ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?”

“አዲስ እገዛልሃለኋ።”

“አታገኚም። ፋብሪካው ይሄን መሥራት አቁሟል።”

“ሰዎቹስ? ዘጠኝ ቀን ሙሉ ድምፅህን ሲያጡ አይጨነቁም?”

“ባትሪዬ ሊሞት ነው ብዬ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ” አለ፣ ወደ ግድግዳው እየተመለሰ።

አራት ዓመት ሙሉ ጨርቄን ማቄን ሳትል ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም፤ መድኃኒቱን፣ ውሃውን፣ የበሩን ቁልፍ፣ የጎረቤቷን ስልክ ቁጥር አመቻችታ ነው። ዛሬ ግን ውሃ እንኳ ሳታስቀምጥለት መውጣቷን ያወቀችው አስፋልቱ ላይ ነው። ልመለስ ብላ ቆመች። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ሄደች፤ እስከ ገበያው ድረስ ግን በየመቶ እርምጃው እንደገና ሲወድቅ ይታያት ነበር።

የመጀመሪያው ሻጭ ባትሪውን አገላብጦ አይቶ፣ የሚመስለውን ከመደርደሪያ አወረደ፤ ጀርባው እንዳበጠ ሆድ ተነፍቷል። “ኦርጂናል ነው” አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። የጠራው ዋጋ የሠራተኛዋን የሁለት ወር ደመወዝ ያህላል። ሁለተኛው እንዲህ ያለ ባትሪ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት፣ ሦስተኛው ሬዲዮውን ልግዛሽ አላት። አራተኛው ነው “ዶክተር ጋ ሂጂ” ብሎ በጣቱ ያሳያት። ዶክተር የሚባለው ጠጋኝ ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር ተሸጉጦ ይሠራል፤ ክፍሉ ደንበኛ ሲገባ ወንበሩ የሚወጣ ዓይነት ነው። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ጣቶቹ በብየዳ የተቃጠሉ፣ የማይቸኩል ሰው ነበር። ወንበሩን አወጣላትና “እሺ እህቴ፣ በሽተኛው የትኛው ነው? ባትሪው ነው፣ ቻርጀሩ ነው፣ ወይስ አንቺ ነሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም” አላት።

“ሦስታችንም” አለችው። ሳትፈልግ ሳቀች።

ዶክተር የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትሩን አወጣ። የቻርጀሩን ሁለት መርፌዎች ለካና “ይሄ ጤነኛ ነው፣ ስምንት ነጥብ አራት ቮልት” አለ። ከዚያ ባትሪው ለሬዲዮው ኃይል የሚያቀብልበትን ጫፍ ለካ። “ስድስት ነጥብ ሁለት። አልሞተም፣ ርቦታል እንጂ።” በመጨረሻ ባትሪው ከቻርጀሩ የሚገናኝባቸውን፣ እሷ ትናንት ስትወለውላቸው ያመሸችባቸውን ሁለት ነጥቦች ነካ። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ደግሞ ነካ፣ ዜሮ። ባትሪውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረንጦ አነሳና ከአንደኛው ነጥብ ላይ፣ ከዓሣ ቅርፊት የቀጠነች ጥርት ያለች ፕላስተር ላጠ። ከሌላኛውም ሌላ። “አፉን አፍነውት ነው እኮ” አለ። “በላዩ ስትወለውዪ ፕላስተሩን ነው ያበራሽው። ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም፣ ይሄ የሰው እጅ ነው።”

ትንሿ እጇን ዘረጋችና ቁራጯን በጣቷ ጫፍ ተቀበለች። የቅድ ሠራተኛ ናት፤ የማንም ሰው መቀስ የራሱ ቋንቋ እንዳለው ታውቃለች። ፕላስተሯ በጥርስ አልተቆረጠችም፣ በእጅ አልተበጠሰችም። በጥፍር መቁረጫ መቀስ ተከርክማ አራቱም ማዕዘኖቿ ክብ ተደርገዋል። ማዕዘን ሹል ከሆነ ይነሳል፣ ክብ አድርገሽ ቁረጪ፤ ይህንን በስድስት ዓመቷ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ስትሸፍን ያስተማራት አባቷ ነው። በዓለም ላይ ለባትሪ መሸፈኛ ማዕዘን ክብ የሚያደርግ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል፤ በእነሱ ቤት ግን አንድ ነው። የአለቃዋ መልእክት የደረሳት ማክሰኞ፣ ሬዲዮው የታመመው ረቡዕ።

ዶክተር ባትሪውን ቻርጀሩ ላይ አስቀመጠው፤ መብራቷ ቀይ ሆነች። “ፕላስተር ለመላጥ አላስከፍልም። አንድ ሰዓት ይቆይልሽና ትወስጂዋለሽ” አላት። ከደረጃው ሥር፣ ሰው በራሷ ላይ እየወጣና እየወረደ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ስታለቅስ ብትታይ ይሻላት ነበር፤ አላለቀሰችም፣ ተቃጠለች እንጂ። ሶኬት ስትቀያይር አይቷታል። ካውያ ስትሰካ፣ ጥጥ ስትነክር፣ መብራቷን ጎንበስ ብላ ስትመረምር አጠገቧ ተቀምጦ አይቷታል። ይባስ ብሎ አዳፕተሩን ነጥቆ መክሯታል። ወንድሟ እንኳ፣ ያ የኢንሹራንስ ሰው፣ በፊት ለፊት ነው ያሰራት። አባቷ ግን እያስተማራት አሰራት። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዚህ ሁሉ ንዴት መሃል፣ ‘ውሃ ሳላስቀምጥለት ወጣሁ’ የሚለው ሐሳብ አለመጥፋቱ ነበር። ሆዷ ራሱ ከእነሱ ጋር ያበረባት መሰላት።

ቤት የገባችው አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። አባቷ እንደተወችው ነው፤ አልወደቀም። ሬዲዮውን ጋዜጣው ላይ አኖረችና አጠገቡ ሁለቱን የፕላስተር ቁራጮች አስቀመጠች። ማጉያ መነጽሩን አላነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ ጋዜጣውን ሲያይ ቆየ፤ ከላይ ፎቅ የሆነ ሰው ወንበር ይጎትታል፣ ከታች መኪና ይሞከራል። በዚህ ቤት ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነበር፤ አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ምግብ ያቀርባል። ዛሬ ምግብ አላቀረበችም።

“አራት ዓመት” አለች። “አንድ ቀን ደከመኝ ብዬህ አውቃለሁ? አትሂጂ ብትለኝ እኮ እኔም እመልስልህ ነበር። እንደ ሰው መናገር አቅቶህ ነው ባትሪ የምታፍነው?”

አባቷ ቁራጮቹን በጣቱ ወደ ጋዜጣው ጠርዝ ገፋ።

“እሺ። አስር ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጥራቸው።”

“ዛሬ ይቅር።”

“ጥራቸው አልኩህ! ወንድም ጋሼ ሲደውል ‘ሠራ፣ በጆሮዬ ሰማሁ’ ልበለው።”

እጁ፣ በጥሪ ሰዓት ሁሌ ጆሮው ላይ ወደሚሰካው ማዳመጫ ሄደ፤ ቀደመችውና ገመዱን ወሰደችበት። ከበሩ ጋር ተደግፋ ቆመች። አባቷ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ቁልፉን ተጫነ። በአየር ማረፊያው ድምፅ፣ ቀጥ ባለው፣ የጥሪ ምልክቱን፣ የሬዲዮ መጠሪያውን፣ ተናገረና “እንደምን ዋላችሁ፣ ጥሪ እጀምራለሁ” አለ። ቁልፉን ሲለቅ ተራራው ላይ ያለው ማስተላለፊያ አጭር ቢፕ አሰማ፤ ድምፁ ደርሷል ማለት ነው። “ጠበቃው።” ቢፕ። እስከ አስር የሚያስቆጥር ዝምታ። “ሰዓት ሠሪው።” ቢፕ። ዝምታ። “ሞተረኛው። መምህሩ። ነርሷ።” አንዱንም አልዘለለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ተነስቶ ሬዲዮው ጋ የሚደርስበትን ጊዜ እየሰጠ አስራ አንዱንም ጠራ። ከአስራ አንዱም በኋላ ያቺ ቢፕ ብቻ ትመለሳለች። ትንሿ ሰባተኛው ላይ ከበሩ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ምናልባት መቀበያው ተበላሽቶ ይሆናል” አለች።

“አልተበላሸም። የተበላሸ ሬዲዮ ዝምታ ድፍን ነው። ይሄ ጤነኛ ነው” አለ። ሬዲዮውን በቀስታ አጠፋው። “ጠበቃውና ሰዓት ሠሪው ሞቱ። መምህሩን ልጆቹ ስልክ ገዙለት። የቀሩትም እንዲሁ፣ አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ እኔና ነርሷ ነበርን፤ እሷንም ልጇ ወሰዳት። ስምንት ወር ሆነ። እስቲ ባለፉት ዘጠኝ ቀናት ማን በር አንኳኳ?”

“ጠዋት ጠዋት ስትስቅ እሰማህ የለ? ከማን ጋር ነበር የምታወራው?”

“አንቺ ኩሽና ነበርሽ አይደል?” አለ። “ለአንቺ ነበር። አባዬ ሰው አለው እንድትዪ።”

ትንሿ ስምንት ወር ሙሉ እቃ እያጠበች የሰማችው ሳቅ መጣባት። አንዳንዴ ቀንታበትም ታውቃለች፤ እሱስ ቢያንስ ጓደኛ አለው ብላ።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ወንድምሽ ሬዲዮው ይጠብቀዋል ሲል ምን ልበል? ሬዲዮ ተበላሸ ማለት ይቀላል፣ ሰው አለቀብኝ ከማለት።” ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ዝቅ አድርጎ፣ “ደግሞም ፈርቼ ነው” አለ።

ከደረጃው ሥር ጀምራ እስከዚህ ይዛው የመጣችው ንዴት ከእጇ ወደቀ። ንዴቱ ቢያንስ የራሷ ነበር፤ በእሱ ሻንጣ አንስታ መውጣት ትችል ነበር። አሁን የቀራት ማዘን ብቻ ሆነ፣ አዝኖ ደግሞ የወጣ ሰው አላየችም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አስር ሰዓት ተኩል፣ ወንድሟ በደቂቃም አይሳሳትም። እጇን ከመዘርጋቷ በፊት አባቷ፣ ያ ስልክ የማይወደው ሰውዬ፣ አነሳው።

“አዎ፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ ተሠራ። ባትሪው ቆሽሾ ነው፣ እሷው አጸዳችው” አለ፣ ጮክ ብሎ። “እንዴታ! አሁን ጨረስን። አስራ አንዱም መለሱ፣ አስራ አንዱም። ነርሷማ ሰላም በልልኝ ብላሃለች። እንግዲህ ልጅቷን አታስቸግሯት፣ ትሂድ።” ከስልኩ ውስጥ የወንድሟ እፎይታ እሷ ጋ ድረስ ተሰማ። “አላልኩም?” ሲል ይሰማል። “አላልኩም?” አባቷ ስልኩን መለሰላትና ዓይኗን ሳያይ “በይ፣ ሰዓት ሳይደርስብሽ ጻፊላቸው” አላት።

ኩሽና ገባች። ስምንት ወር የሰማችበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል፣ “ስላሰብሽኝ አመሰግናለሁ። መምጣት አልችልም” ብላ ጻፈች። አንዴ አነበበችውና ላከችው። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ አባቷ በበሩ በኩል እያየ ይጠብቃት ነበር።

“ጻፍሽላቸው?”

“ጻፍኩ።”

“ምን አልሻቸው?”

“እመጣለሁ አልኳቸው” አለችው።

“ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!” አለ። ደረቱ ከፍና ዝቅ ሲል ታያት፤ ግን ቶሎ ብሎ ፊቱን አስተካከለ። ምርኩዙን ይዞ ተነሳ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ የእሷ ክፍል ድረስ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣዋን ጎተተው። ዚፑ ሁለቴ ሦስቴ አልሳብ አለው። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ማጉያ መነጽሩን አስመጥቶ፣ የዚፑን ጥርሶች አንድ በአንድ ይመረምር ጀመር። “ይሄ ምንም አልሆነም፣ ዝጎ ነው” አላት። “ደረቅ ሳሙና አምጪልኝ፣ ሁለት ጊዜ ካሸሁት ይከፈታል።” ትንሿ ሄዳ ሳሙናውን አመጣችለት።